ድምፅ የማያሳልፍ ወፍራም በር ለቤት የሙዚቃ ክፍል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጓሯችን ሰርቪስ ክፍሎች አንዷን ለሙዚቃ ካደረግኳት ወዲህ ጠያቂዬ በዝቷል። አንዱ ለልጁ ድራም ገዝቶ ጎረቤት አኩርፎበታል። ሌላዋ ቤቷ ውስጥ መዝሙር መቅረጽ ትፈልጋለች። ሌላው ደግሞ ኪቦርድ የሚለማመደው ሌሊት ነው። የሁሉም ጥያቄ ዞሮ ዞሮ በሩ ላይ ያርፋል። እኔ አናጢ አይደለሁም፤ ሳክስፎን እየነፋሁ ሰፈር ያስቸገርኩ ሰው ነኝ። በሩንም የሠራሁት ሁለት ጊዜ ነው፣ የመጀመሪያው ስላልሆነልኝ። እዚህ ያለው ከሁለቱ የተማርኩት ነው።

ግድግዳዬ ብሎኬት ነው። በሩ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፣ ከምታስቡት በላይ። 4 ሜትር ርዝመትና 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ አስቡ። ባለ 20 ሳንቲ ብሎኬት ሆኖ በሁለቱም በኩል ከተለሰነ የሚያልፍበትን ድምፅ በ45 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይቀንሳል። አሁን እዚያው ግድግዳ ላይ ውስጡ ባዶ የሆነ ተራ የመኝታ ቤት በር ግጠሙ፤ 20 ዲሲቤል ገደማ የሚቀንስ ዓይነት። በሩም ግድግዳውም አንድ ላይ ስንት ይቀንሳሉ? ሁለቱን ደምራችሁ ለሁለት አካፍላችሁ 32 እንዳትሉ። መልሱ 27 ነው። በሩ ከግድግዳው አንድ አምስተኛ እንኳን አይሞላም፣ ግን ሁሉንም ወደ ራሱ ጎትቶ አወረደው። ድምፅ በ10 ዲሲቤል ሲቀንስ ለጆሯችን በግማሽ የቀነሰ ያህል ይሰማል። ስለዚህ 18 ዲሲቤል ማጣት ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለት ነገር ግን ቀድማችሁ እዩ። አንደኛ፣ ያልተለሰነ ብሎኬት ወንፊት ነው። በትናንሽ ቀዳዳዎቹ ድምፅ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ወደ ላይ ቀና በሉ። ብዙ ሰርቪስ ቤት ላይ ያለው ቆርቆሮ ጣሪያና ሥሩ የተመታ ስስ ችፑድ ኮርኒስ ነው። እንዲህ ከሆነ የበሩን ገንዘብ አስቀምጡትና መጀመሪያ ኮርኒሱን አክብዱት። ሳክስፎኔ በሩን ትቶ በጣሪያው ይወጣ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ስንት ዲሲቤል ቢቀንስልኝ ይበቃኛል?

እንደ መሣሪያው ነው። ሳክስፎንም ድራምም ክፍሉ ውስጥ በቀላሉ ከ90 ዲሲቤል ይበልጣሉ። በአገራችን ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የድምፅ ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዲሲቤል ነው። 95 ይዛችሁ ብትነሡ 40 የሚቀንስ በርና ግድግዳ ልክ የቀኑ ወሰን ላይ ያደርሳችኋል። ጎረቤት ጋ እስኪደርስ ርቀቱ ጥቂት ይጨምርላችኋል። ለሌሊት ግን አይበቃም፣ ስለዚህ እኔ ከማታ 3 ሰዓት በኋላ አልነፋም። በር ጨዋነትን አይተካም።

ተቃራኒ ችግር ያለበትም ሰው አለ። አንድ የማውቀው በገና ደርዳሪ ድምፁ ማንንም አይረብሽም። የእሱ ጭንቀት ሲቀርጽ የሰፈሩ ውሻ፣ የግንባታው ኮምፕረሰርና የታክሲው ጡሩምባ አብረው መግባታቸው ነው። ለእሱም የሚያስፈልገው ያው በር ነው። የማያስወጣ በር አያስገባም።

በሩ ወፍራም ከሆነ ድምፅ አያሳልፍም፣ አይደል?

አይደለም። ቁም ነገሩ ክብደት ነው። 20 ሳንቲ ውፍረት ያለውን የስፖንጅ ፍራሽ በር ላይ አቁሙትና አንድ ሰው ከወዲያ በኩል ያናግራችሁ፤ ቃል በቃል ትሰሙታላችሁ። ድምፅ አየሩን እያርገበገበ መጥቶ በሩን ይገፋል። ቀላል በር አብሮ ይርገበገባል፣ ከባድ በር ደግሞ እንቢ ይላል። በስሌት የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዲሲቤል ገደማ ይጨመራል፤ በተግባር ትንሽ ያንሳል። ባዶው በር በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ያህል ነው። የእኔ አሁን 45 ኪሎ ነው። በስሌቱ መሠረት በመካከላቸው 15 ዲሲቤል ልዩነት አለ።

የእንቁላል ካርቶን ብለጥፍበትስ?

እንቁላሉን ብሉ፣ ካርቶኑን ጣሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ቀጭን የድምፅ ንጥረት ጥቂት ያለዝብ ይሆናል፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን ግን አያስቆምም። ያ ጥቁር ጥርሳም ስፖንጅም እንደዚሁ ነው። ለቀረጻ ይጠቅማል፣ ለጎረቤት አይጠቅምም። በዚያ ላይ ሁለቱም እሳት የሚወዱ ነገሮች ናቸው።

እሺ፣ በሩን በምን በምን ልሥራው?

የእኔን ልንገራችሁ። 90 ሳንቲ በ2 ሜትር ከ10 ነው። ከአንዱ ፊት ስትነሡ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ)፣ ከዚያ የ1.5 ሚሊ ላሜራ፣ ከዚያ ሌላ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ፣ በሌላው ፊት ደግሞ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ። ኤምዲኤፉ እያንዳንዱ በካሬ ሜትር 13 ኪሎ ገደማ፣ ላሜራው 12፣ ኮምፔንሳቶው 7 ነው። ድምሩ 45። በሩ በሙሉ ከ85 ኪሎ በላይ ሆነ፣ ውፍረቱ ግን 5 ሳንቲ ተኩል እንኳን አይሞላም። ያየው ሁሉ «ይሄ ነው ወፍራሙ በር?» ይላል። እስኪከፍተው ድረስ።

ለምን አንድ ዓይነት ጣውላ ብቻ አልደራረብኩም? እያንዳንዱ ሰሌዳ እንደ ውፍረቱና እንደ ግትርነቱ የሚሸነፍበት የድምፅ ከፍታ አለው። እዚያ ላይ ሲደርስ አብሮ ይዘፍናል። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁሉም በአንድ ቦታ ይሸነፋሉ። የተለያዩ ከሆኑ አንዱ ያለፈውን ሌላው ይይዘዋል።

በላሜራውና በኤምዲኤፉ መካከል ለስላሳ ነገር ይግባ። በውጭ አገር ለዚህ ተብሎ የተሠራ የማይደርቅ ማጣበቂያ ይሸጣል። እኔ የከባድ መኪና ካላማዳሪያ ሰንጥቄ፣ አጥቤና ዘርግቼ በማስቲሽ ለጠፍኩት። መርካቶ ጎማ ተራ ያለ ሰው አይቸገርም። ልዩነቱን በጣታችሁ ታውቁታላችሁ። ላሜራውን ብቻውን አንኳኩት፣ ይጮኻል። ጎማ ለጥፋችሁ አንኳኩት፣ «ዱብ» ብሎ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ነው የሚፈለገው።

«ወጥ የዋንዛ ጣውላ አይሻልም?» የሚለኝ አለ። ለዓይን ይሻላል። ግን እንጨት ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸሻል። ሐምሌ ላይ አልዘጋ ያለው በር ጥር ላይ በመጋጠሚያዎቹ ብርሃን ያሳያል። ለዚህ ሥራ የፀጉር ያህል ስንጥቅም ብዙ ናት። ኤምዲኤፍም ቢሆን ጠላቱ ውኃ ነው። ጠርዙን በሙሉ በእንጨት ከፈፍ አድርጉለትና ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለም አጠጡት። የታችኛውን ጠርዝ ቀለም ቀቢዎች ሁልጊዜ ይረሱታል። በሩ ከመሰቀሉ በፊት ራሳችሁ ቀቡት።

ላሜራ በር አሠርቼ ውስጡን አሸዋ ብሞላውስ?

ይሠራል። 3 ሳንቲ ደረቅ አሸዋ ብቻውን በካሬ ሜትር 48 ኪሎ ገደማ ይመጣል፣ እርስ በርሱ እየተፋተገም ንዝረቱን ይበላዋል። ችግሩ አሸዋ ይሰምጣል። በከፈታችሁና በዘጋችሁ ቁጥር ዝቅ ይልና ላይኛው በኩል ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ውስጡ በአግድም ብረት ይከፋፈል፣ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይሞላ። አሸዋው በደንብ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ አለበለዚያ ላሜራውን ከውስጥ ያዝገዋል። በያጁም ነጥብ ነጥብ አድርጎ ሳይሆን ዙሪያውን ሞልቶ መበየድ አለበት። እኔ ክብደቱን ፈርቼ ተውኩት።

ከባድ በር አሠራሁ፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ምን አጠፋሁ?

ጠርዙን። የእኔም የመጀመሪያ በር እንዲሁ ነበር። ሠራተኛው በሩን አሳምሮ ሠራልኝ፤ ሥሩን ግን «ምንጣፍ ይገባበታል» ብሎ 1 ሳንቲ ከፍ አደረገው። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ምን ታደርጋለች ብዬ!

ይኸው የምታደርገውን። 90 ሳንቲ ስፋት ባለው በር ሥር 1 ሳንቲ ክፍተት ማለት 90 ካሬ ሳንቲ ቀዳዳ ነው። ከበሩ ግማሽ በመቶ እንኳን አይሞላም። ነገር ግን በሩ እንደ ባንክ ካዝና ቢሠራም ከ23 ዲሲቤል ገደማ በላይ እንዳይቀንስ ያግደዋል። ማለትም 85 ኪሎ በርም ቢሆን በዚያች ክፍተት ምክንያት ከተራው በር እምብዛም አይሻልም። አየር ባለፈበት ድምፅ ያልፋል። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፤ ገንዘባችሁን ለበሩ ሆድ፣ ትዕግሥታችሁን ለጠርዙ።

ጠርዙን እንዲህ አድርጉት። የመቃኑ ዙሪያ ደረጃ ይኑረው፣ በሩም በልኩ ደረጃ ይውጣለት። ሲዘጋ አንዱ ሌላው ላይ ይተኛል፣ ድምፁም ቀጥ ብሎ መውጫ ያጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንድ ዙር ጎማ ይሂድ፣ በጠቅላላው ሁለት ዙር። ጎማው ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ሲጫኑት የሚጨፈለቅ ዓይነት ይሁን። የመኪና በር ላይ ያለው ጎማ በጣም ጥሩ ነው፣ መለዋወጫ ሱቅ በሜትር ይሸጣል። መስኮት ላይ የሚለጠፈው ስስ ስፖንጅ በሁለት ወሩ ጠፍጥፎ ይቀራል። ማዕዘኑ ላይ ጎማውን አትጠፉት። በ45 ዲግሪ ቆርጣችሁ አጣብቁት።

ሥሩ ላይ ከሁሉ የሚሻለው ከፍ ያለ ደፍ ነው። ሁለት ሳንቲ ከወለሉ ከፍ የሚል ደፍ ካለ በሩ በአራቱም ጎን አንድ ዓይነት ጎማ ላይ ያርፋል። «እግር ይመታል» ይላሉ። ይመታል። በሳምንት ውስጥ ይለመዳል።

ጎማው የሚሠራው ሲጨፈለቅ ነው፣ ስለዚህ የሚጫነው ያስፈልጋል። ተራ ቁልፍ በሩን ይዘጋል እንጂ አያጣብቅም። የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ክፍል በር አይታችኋል? እጀታውን ሲገፉት በሩን ወደ መቃኑ ስቦ ያጠብቀዋል። እሱን ዓይነት ፈልጉ። የቁልፍ ቀዳዳ ከፊት ወደ ኋላ ዘልቆ አይውጣ።

ፈተናው ቀላል ነው። ሲመሽ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ መብራት ያብራ፣ እናንተ ከውጭ በጨለማ ዞራችሁ እዩ። ብርሃን ካያችሁ ሥራው አላለቀም። ቀጥሎ ወረቀት ጎማው ላይ አድርጋችሁ በሩን ዝጉበትና ሳቡት። በቀላሉ ከወጣ እዚያ ጋ አልጨፈለቀም። ለመጨረሻዋ ስንጥቅ ዕጣን አጭሱና በጠርዙ ዙሪያ ያዙት፤ ጭሱ የሚታጠፍበት ቦታ ራሱ ይነግራችኋል። እኔ ጥፋቴን ያገኘሁት በቡና ዕጣን ነው።

85 ኪሎ በር ምን ይሸከመዋል?

በሩን ከመሥራት ይህ ይከብዳል። መቃኔን ሠራተኛው ብሎኬቱን በስቶ በቡሎን ነበር ያሰረው። ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፣ ቡሎኑ የሚነክሰው ነገር የለውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የላይኛው ማጠፊያ ልስኑን ይዞ ወጣ። ደግነቱ ሰው ሥር አልነበረም።

ስሌቱን እዩት። በሩ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚጎትተው። ስፋቱ 90 ሳንቲ ሆኖ በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ መካከል 1 ሜትር ከ70 ካለ፣ የላይኛው ማጠፊያ 23 ኪሎ ገደማ በሚሆን ኃይል ከግድግዳው ወደ ውጭ ይነቀላል። ሌሊትና ቀን። ስለዚህ በበሩ ግራና ቀኝ ያሉት የብሎኬት ቀዳዳዎች ከላይ እስከ ታች ኮንክሪት ይሞሉ። ግድግዳው ገና እየተሠራ ከሆነ ውስጡ ፌሮ ይግባ። መቃኑ የብረት ይሁን፣ ከጀርባው የተበየዱት የፌሮ ቁራጮችም ኮንክሪቱ ውስጥ ይቀበሩ። ማጠፊያው ከሦስት አይነስ፣ ኩሽኔታ ያለው ቢሆን ይመረጣል።

በመቃኑና በግድግዳው መካከል የሚቀረውን ክፍተት በሚረጭ ፎም እንዲሞሉላችሁ አትፍቀዱ። ፎም ቀላል ነው፣ ድምፅ ያሳልፋል። በሲሚንቶና አሸዋ ቡኬት ይታጨቅ፣ ሲደርቅ የምትሰነጠቀዋ መስመር በሲሊከን ትዘጋ።

አንድ ከባድ በር ይሻላል ወይስ ሁለት ቀላል?

ቦታ ካለ ሁለት። በወፍራሙ ግድግዳ አንዱን በር በውስጥ ፊት፣ ሌላውን በውጭ ፊት ግጠሙ። አንዱ ወደ ውስጥ ሌላው ወደ ውጭ ይከፈት። በመካከላቸው 15 ወይም 20 ሳንቲ አየር ካለ ሁለት መካከለኛ በሮች ከአንድ ግዙፍ በር ይበልጣሉ። ለማጠፊያውም ይቀላል። አየሩ ግን ሰፊ ይሁን፤ ሁለት ሰሌዳ በ2 ሳንቲ ልዩነት ማስቀመጥ ወፍራሙን ድምፅ ያብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም። ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ሁለት በር ነበር የምሠራው።

መስታወት ላድርግበት?

ትንሽ ይሁን፣ የማይከፈትም ይሁን። ሁለት መስታወት፣ ውፍረታቸው የተለያየ፣ ለምሳሌ 6 ሚሊና 10 ሚሊ። ሁለቱ አንድ ላይ በካሬ ሜትር 40 ኪሎ ይመጣሉ፣ ከበሩ ብዙም አያንሱም።

እንዲህ ከታሸገ በምን እንተነፍሳለን?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም፣ መጠየቅ ግን አለበት። ጥሩ በር ሠራችሁ ማለት አየርም ዘጋችሁ ማለት ነው። ሦስት ሰው በትንሽ ክፍል አንድ ሰዓት ሲለማመድ ራስ ይከብዳል፣ ይጫጫናል። እረፍት እየወሰዳችሁ በሩን ክፈቱ። ቋሚ መፍትሔ ከፈለጋችሁ አየሩ በውስጡ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠማዞ የሚያልፍበት፣ ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ ሳጥን አሠሩ። አየር ይዞራል፣ ድምፅ እየተላተመ ይደክማል።

ከሰል ግን በፍጹም አይግባ። ቡናውን ውጭ አፍሉ። የከሰል ጭስ ሽታ በሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ በዚህ ዓይነት ክፍል ደግሞ በፍጥነት። የዕጣኑን ፈተና ያጠናቀቃችሁበትን ፍምም ወዲያው አውጡት። በሩም ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን፣ በተለይ ልጆች ካሉ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ውጭ አገር ተከራይ ብሆንስ?

ኮንዶሚኒየም ላይ በሩ ለኮሪደሩና ለፊት ለፊት ጎረቤት ይረዳል። ከታች ላለው ሰው ግን የድራሙ ምት በወለሉ ነው የሚወርደው፣ በር አያግዘውም። ድራሙን ወፍራም ጎማና ምንጣፍ ላይ አስቀምጡ፣ ወይም በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራውን የኤሌክትሮኒክ ድራም ግዙ።

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ አፓርታማ ያላችሁ፣ በቤቱ ውስጥ ያለው ግድግዳ ብዙ ጊዜ እንጨት ላይ የተመታ ጂፕሰም ነው። እሱ ራሱ 33 ወይም 34 ዲሲቤል ቢቀንስ ነው። ስለዚህ የእኔ ዓይነት በር ብክነት ነው። ወጥ ሆድ ያለው በርና ጥሩ ጎማ ይበቃል፣ ያውም አከራዩ ከፈቀደ።

ሁሉንም አደረግሁ፣ ቤዙ ግን ይሰማል።

ይሰማል። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛዋ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ናት፣ የሞገዷ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል። የክብደቱ ሕግ ወደ ወፍራም ድምፅ በወረዳችሁ ቁጥር ይዳከማል። ለሰው ድምፅ 40 የሚቀንሰው በር ለእሷ 18 ቢቀንስ ነው። አምፕሊፋየሩን ከወለሉ አንሡት፣ ከማዕዘን አርቁት፣ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ ኪሎ መጨመር ገንዘብ መጨረስ ነው።

በሩ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑ። ቁጥሩ ትክክል ባይሆንም ልዩነቱ ይበቃችኋል። ውስጥ ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ እስከ ላይ ከፍታችሁ «ሽሽሽ» ይበል። አንድ ጊዜ ውስጥ ከበሩ አንድ ሜትር ርቃችሁ ለኩ፣ አንድ ጊዜ ውጭ በዚያው ርቀት። ሁለቱን ቀንሱ። በሩ ከመቀየሩ በፊት የለካችሁትን ጽፋችሁ ካላስቀመጣችሁ ግን ማወዳደሪያ የላችሁም።

የእኔ ሁለተኛ መለኪያ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። በአዲሱ በር የመጀመሪያው ሳምንት ሲያገኙኝ «ልጄ፣ አሞህ ነበር እንዴ? ዝም አልክ» አሉኝ። መስከረም ላይ ግን «ተሻለህ መሰለኝ» አሉ። ሄጄ ወረቀቱን ስስበው ከሥሩ እንደ ቅቤ ወጣ። የደፉ ጎማ በክረምቱ ጭቃና እርግጫ ተጨፍልቆ አልቆ ነበር። አንድ ሜትር ጎማ ገዝቼ በሩብ ሰዓት ቀየርኩት።